አባ አመዱና የማዳበሪያው ሽታ

ከጠዋቱ አውቶቡስ መጨረሻ ላይ የወረዱት ሽማግሌ በቀኝ እጃቸው ዱላ፣ በግራ ብብታቸው ደግሞ በላስቲክና በጨርቅ ደራርበው በሲባጎ የጠፈሩትን የቀለም ጣሳ ይዘው ነበር። መንገዱን ሙሉ ተሳፋሪው መስኮት እየከፈተ፣ አፍንጫውን በእጀታው እየሸፈነ ነው የመጣው። ረዳቱ ጣሳውን ጣሪያ ላይ ልስቀለው ብሎ ሁለት ጊዜ ቢለምናቸውም፣ «ይህ ማስረጃ ነው፤ ከእጄ አይወጣም» ብለው መለሱት። ሲወርዱ «ደህና ይግቡ» ያላቸው ሰው አልነበረም።

የሰፈራቸው ሰው አባ አመዱ ይላቸዋል። ስሙ በቀልድ ወጣላቸው፣ አሁን ግን ሁሉም በአክብሮት ይጠራበታል። ዘር እንዳይነቅዝ አመድ፣ ጎመን ትል ሲወረው አመድ፣ ድስት ሲጠቁር አመድ፣ ጉንዳን በበሩ ሥር ሲሰለፍ አመድ። አብዛኛውን ጊዜም ይሠራላቸዋል። በእርሻ ነገር ጎረቤቱ ሁሉ የመጨረሻውን ቃል ከእሳቸው የሚጠብቀው ለዚህ ነው። እንዲህ ያሉትን አዛውንት «ያልተማሩ» ብሎ ማለፍ የሚቀናቸው ሰዎች አሉ፤ አባ አመዱ ግን ነገር ሳያገላብጡ እጃቸውን የማያስገቡ፣ ከብዙ የተማረ ሰው ይልቅ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። የዘንድሮውን ጥፋት ያመጣባቸውም ይኸው ጥንቃቄያቸው ነበር።

ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የፋብሪካ ማዳበሪያ ገዙ፤ ጨው የሚመስለውን ነጩን። ቡቃያ ያቃጥላል ሲባል ሰምተው ነበርና ግለቱን ለማብረድ ከአመድ ጋር እኩል በእኩል ቀየጡት። አቧራው እንዳይበን ውሃ ረጨት አድርገውበት ጎተራ ውስጥ ዘጉበት። በማግስቱ ባለቤታቸው በሩን ሲከፍቱ አንድ የማይታይ ነገር ፊታቸውን በጥፊ መታቸው። ዓይናቸው ጠፋ፣ ጉሮሯቸው ተዘጋ፣ በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስሉ ሰነበቱ። ቅይጡን አናፍሰው ማሳው ላይ ቢበትኑትም ስንዴው እንደ ገረጣ ቀረ። የእሳቸውን ምክር ሰምተው እንዲሁ ያደረጉ ሃያ ሦስት ቤቶችም ማሳቸው ቢጫ ሆነ። ያኔ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ፈረደ፦ ፋብሪካው የሚሸጠው ሰው የሚያፍን፣ እህል የማያበላ መርዝ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ አባ አመዱ ከቅይጡ የተረፈውን በጣሳ ታቅፈው ባልተሳፈሩ። ነገር ግን ያ ነጭ ነገር በሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ያለችው የገዛ ልጃቸው ናት፤ የመጨረሻዋ፣ በእርጅናቸው የወለዷት። ስድስት ወር ሠልጥና ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ የቋሚነት ውል ትፈርማለች። በስልክ፣ «አባዬ፣ አንተ እሺ ካላልክ አልፈርምም» ብላቸዋለች። አንዲት ጎተራ እናቷን እንዲህ ካደረገቻት፣ ፋብሪካው ውስጥ ያለው ያ ሁሉ ጋን ሙሉ ልጅቷን ምን ሊያደርጋት ነው? ቆርጠው ተነሡ። ጣሳውን ለአለቆቿ አሳይተው፣ ልጃቸውን ይዘው በከሰዓቱ አውቶቡስ ሊመለሱ ነው።

የበሩ ጥበቃ ስማቸውንና ጉዳያቸውን ከመዘገበ በኋላ፣ «ቢሮ ገብታ የውሏን ወረቀት እያሟላች ነው፤ ከአምስት ተኩል በፊት አትወጣም፤ እዚያ ሻይ ቤት ይጠብቋት» አላቸው። ሻይ ቤቱ ከበሩ ፊት ለፊት ያለ፣ በቆርቆሮ የተሠራ፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር ያለው ነው። ከፋብሪካው በኩል ያልተቋረጠ ጉምታ ይሰማል። አባ አመዱ ጥግ ይዘው ተቀመጡና ጣሳውን በእግራቸው መሐል አኖሩት። ትይዩአቸው አንዲት አርባዎቹን ያለፈች ሴት የሥራ ቆቧን ከጎኗ አስቀምጣ ሻይ በሎሚ ትጠጣለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ሥራ ላይ አድራ የወጣች መሆኗን ማንም ያውቃል። አንድ ሁለቴ አየር ሳብ አደረገችና ወደ ጣሳው ተመለከተች።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አሞኒያ ይዘው ነው እንዴ የመጡት?»

«ስሙን እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ የማውቀው ሥራውን ነው» አሉ አባ አመዱ። «ሰው ሊገድል ምንም አልቀረው።» ከዚያም ነገሩን ሁሉ፣ ከጎተራው እስከ ባለቤታቸው ሳል፣ ከሳሉ እስከ ቢጫው ማሳ ዘረዘሩላት። የልጃቸውን ነገር ግን አላነሡም።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አላቋረጠቻቸውም። «እናታችን አሁን እንዴት ናቸው?» አለች በመጀመሪያ።

«ተሽሏታል። ዓይኗን በብዙ ውሃ ታጠበች፣ አየር ላይ ተቀመጠች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ውሃውም አየሩም ትክክል ነው፤ ሐኪም ቢያያቸው ደግሞ የተሻለ ይሆናል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ማዳበሪያውን ሲገዙት ይሸት ነበር?»

«ኧረ ምንም አይሸትም። ተንኮሉ እሱ ነው እኮ። ቤት ከገባ በኋላ ነው ጠባዩን ያወጣው።»

«ቤት ከገባ በኋላ ምን ጨመሩበት?»

«ምንም አልጨመርኩበትም» አሉና ትንሽ ቆይተው፣ «አመድ ብቻ» አሉ።

«ምን ያህል አመድ?»

«እኩል በእኩል።»

ሴትዮዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አልሳቀችም። ብትስቅ ኖሮ አባ አመዱ ጣሳቸውን አንሥተው ይወጡ ነበር፤ የሃያ አራት ቤት እርሻና የአንዲት ልጅ እንጀራ እዚያው ላይ ባበቃ ነበር። የተማረ ሰው ያልተማረውን ሲያርም መጀመሪያ ማወቅ ያለበት መቼ እንደማይሳቅ ነው።

«ያልተቀየጠ የቀረዎት አለ?»

አባ አመዱ ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ አንድ እፍኝ ነጭ ማዳበሪያ አወጡ። ማስረጃ ሲይዙ በግማሽ አይዙም።

«እናቴ» አለች ሴትዮዋ ወደ ሻይ ቤቷ ባለቤት ዞራ፣ «አንድ የማትፈልጊው ማስቀመጫ ሳህን፣ ከምድጃሽ ጥቂት የቀዘቀዘ አመድ፣ ለብ ያለ ውሃም ስጪኝ።»

«ምን ልትሠሪበት ነው? እዚህ ቤት ሰው ሻይ ይጠጣል» አለች ባለቤቷ። ሳህኑን ግን አመጣች፤ ማየቱ አምሯታል።

ሴትዮዋ ከነጩ ቆንጠር፣ ከአመዱ ቆንጠር አድርጋ ቀላቀለችና ጥቂት የውሃ ጠብታ አፈሰሰችበት። በእጇ አየሩን ወደ አባ አመዱ አፍንጫ በቀስታ ገፋችላቸው። ሽማግሌው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ያው የጎተራው ሽታ ነበር፤ ትንሹ።

ሳህኑን አዩት። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ያምናል ወይ ይቆጣል። እሳቸው ግን፣ «አይ፣ እንዲህ አይሆንም» አሉ። «ሁለቱንም ለየብቻ አሳዪኝ። ሽታው ከውሃው ይሁን፣ ከአመዱ ይሁን፣ ከነጩ ይሁን በምን አውቃለሁ? ደግሞ በእኔ እጅ ይሁን።»

ሁለት ሌላ ሳህን መጣ፤ የሻይ ቤቷ ባለቤት አሁን ሻዩንም ረስታ ቆማለች። አባ አመዱ በአንዱ ነጩን ብቻ በውሃ፣ በሌላው አመዱን ብቻ በውሃ አራሱ። ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ ምንም የለም። ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ ገለበጡት፤ ሽታው ወዲያው ተነሣ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ሆነ።

ሴትዮዋ ሳህኑን ትታ እሳቸውን ስትመለከት ቆይታ፣ «አባቴ፣ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ልጅ አለችዎት?» አለች።

አባ አመዱ ቀና አሉ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። በእኔ ፈረቃ አንዲት ሠልጣኝ አለች። የግፊት መለኪያው የሚያሳየውን አይታ አታምንም፤ ሄዳ ሁለተኛውን መለኪያ ታያለች፣ ተመልሳ ደግሞ የመጀመሪያውን ታያለች። ማን አስተማረሽ ስላት አባቴ አለችኝ። አሁን እርስዎ እንደዚያ ሲያደርጉ ባይ ጊዜ እሷን ያየሁ መሰለኝ።»

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። ደስታ ነበር፣ ኀፍረት ነበር፣ ጥርጣሬም ነበር። መጀመሪያ የወጣው ጥርጣሬው ነው። «እንግዲያው አለቃዋ ነሽ። ልጄን እንዳልወስድባችሁ ስታባብይኝ ነው የቆየሽው።»

«ሳህኑን ያስመጣሁት ማን እንደሆኑ ሳላውቅ ነው። አሁን ስላወቅኩ ግን ሳልደብቅ ነገርኩዎት። ሊወስዷት ነው የመጡት?»

«ልወስዳት ነው።»

«እንዲያ ከሆነ እውነቱን ሁሉ ሰምተው ይውሰዷት። ከዚያ በኋላ ይዘዋት ቢሄዱ አንድ ቃል አልናገርም።»

አባ አመዱ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «ተናገሪ» አሉ።

እሷም ጀመረች። የምንተነፍሰው አየር ከአምስት እጅ አራቱ ናይትሮጅን የሚባል ነገር መሆኑን ነገረቻቸው። ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው፣ ፍሬም የሚሞላው በእሱ ነው።

«ማሳዬ በአየር ተከቦ ነው እንግዲህ የሚራበው?» አሉ አባ አመዱ፤ ነገሩ አልተዋጠላቸውም።

«አዎ፣ እንደዚያ ነው። ናይትሮጅን በአየር ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ተቃቅፎ ነው የሚኖረው፤ እቅፉ በጣም ጠንካራ ነው። ስንዴ ሊያላቅቀው አይችልም። የሚያላቅቁት በባቄላ ሥር ላይ እንደ እንክብል ሆነው የሚታዩ እብጠቶች ውስጥ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው።»

«ባቄላ የነበረበት መሬት በዓመቱ ስንዴ እንደሚያምርበት እኔም አውቃለሁ።»

«ያወቁት እሱን ነው። ምክንያቱን ነው የነገርኩዎት። እኛ ደግሞ እዚያ ውስጥ» አለች ወደ ግንቡ እያመለከተች፣ «ያንኑ በብረት እንሠራለን። ከተፈጥሮ ጋዝና ከእንፋሎት ሃይድሮጅን እናወጣለን፣ ከአየር ናይትሮጅን እንወስዳለን። ሁለቱን ከመኪና ጎማ ግፊት ሰባ ሰማንያ እጥፍ አድርገን እንጨምቃቸዋለን፤ ከአራት መቶ ዲግሪ በላይ እናግላቸዋለን፤ ከዚያ በብረት እንክብሎች ላይ እናሳልፋቸዋለን። እቅፉ የሚላቀቀው ብረቱ ላይ ነው። ናይትሮጅኑ ከሃይድሮጅኑ ጋር ይያያዛል፤ ያ ነው አሞኒያ።»

«ሁሉም ይያያዛል?»

«ጥሩ ጠየቁ። አንዴ ሲያልፍ ከመቶ አሥራ አምስት ያህሉ ብቻ ነው። እናቀዘቅዘዋለን፤ አሞኒያው ፈሳሽ ሆኖ ይወርዳል፤ ያልተያያዘው ተመልሶ ይገባል፣ ደግሞ ይዞራል። ሌሊትና ቀን እንዲህ ነው። ይህ የሚሰሙት ጉምታ እሱ ነው።»

አባ አመዱ ወደ ግንቡ ጆሯቸውን ሰጡ። ጠዋት ሲገቡ የአውሬ ድምፅ መስሏቸው ነበር፤ አሁን የወፍጮ ቤት መሰላቸው።

«ጥሩ። ይህ አሞኒያ ያልሽው ያው የሚያፍነው ነው። ታዲያ በማዳበሪያው ውስጥ ሲሆን ለምን አይሸትም?»

ሴትዮዋ ከሻይዋ ያስቀረችውን ግማሽ ሎሚ አነሣችና የሚሸተው ሳህን ላይ ጨመቀችው። ፈላ፣ አረፋ ደፈቀ። ሌላ ሎሚ ጠይቃ ጨመረችበት፣ በማንኪያ አማሰለችው። «አሁን ያሽቱት» አለች።

አሸተቱ። የሎሚ ሽታ እንጂ ሌላ የለም።

«የት ሄደ?» አሉ።

«የትም አልሄደም። እዚያው ሳህኑ ውስጥ ታስሯል። አሲድ ያስረዋል። እኛም አሞኒያውን ከጠንካራ አሲድ ጋር እናገናኘውና ነጭ ጨው እናደርገዋለን፤ ሰላማዊ፣ የማይሸት፣ ገበሬው በጆንያ ተሸክሞት የሚሄድ። አመድ ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ ነው። አሲዱን ይነጥቀውና አሞኒያውን ይፈታዋል። የተፈታው ግማሹ በእናታችን ደረት ገባ፣ ግማሹ በጎተራው በር ወጥቶ ወደ መጣበት አየር ተመለሰ። ማሳው ላይ የበተኑት አመዱንና የቀረውን ጥቂት ነው። የስንዴው የታችኛው ቅጠል ነው የገረጣው ወይስ የላይኛው?»

«የታችኛው» አሉ አባ አመዱ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ናይትሮጅን ሲያንሰው እንዲያ ነው የሚሆነው። ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል።»

 አባ አመዱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬቱን ይመለከቱ ነበር። የሚስታቸው ሳል ታሰባቸው። ያን ሳል ያመጣው ፋብሪካው ነው ብለው ስንት ቀን ሲራገሙ ሰነበቱ።

«እኔ ነኛ» አሉ በመጨረሻ። «በእጄ ፈትቼ የለቀቅኩባት እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ቤትም በእኔ አፍ ነው የተሳሳተው።»

«ፍርሃትዎ ግን ትክክል ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ይህ ጨው በብዛት ሥሩ ላይ ከተጣለ ቡቃያውን ያቃጥላል፤ ውሃውን ይስብበታል። መድኃኒቱ ነው የተሳሳተው። ሁለት ጊዜ ከፍለው በጥቂት በጥቂቱ ይስጡት፤ አፈሩ እርጥብ ሲሆን፣ ከግንዱ አንድ ጋት አርቀው፣ አፈር አልብሰው። ስንዴው ገና አላዘረዘረም አይደል?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው አልመሸም። ንጹሑን ዝናብ ሲጥል ቢሰጡት ይመለሳል።»

አባ አመዱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከጎተራው ቀን ጀምሮ ደረታቸው ላይ የተቀመጠው ነገር ለቀቅ አደረጋቸው። ሆኖም እሺ ለማለት አልቸኮሉም። «አባቴ ይህንን መሬት በከብት ፍግ ብቻ ነበር የሚያርሰው» አሉ።

«ፍጉን አይተዉ። በፍጉም ውስጥ ያለው ያው ናይትሮጅን ነው፤ ጥቂት ነው እንጂ። ፍግ የአፈሩን ገላ ይጠግናል፣ ውሃ ያስይዘዋል። ይህ ደግሞ የጎደለውን ይሞላል። ነገር ግን የአባትዎ መሬት ያኔ ስንት ሰው ያበላ ነበር?»

«አምስት ነበርን።»

«ዛሬስ?»

አባ አመዱ በልባቸው ቆጠሩ፤ ወንድሞቻቸውን፣ የወንድሞቻቸውን ልጆች፣ የራሳቸውን ልጆችና የልጅ ልጆች። «ሃያ እንሆናለን» አሉ። «መሬቱ ያው ነው።» 

«እሺ፣ የማሳው ነገር ገባኝ። የልጄ ነገር ግን አልገባኝም። በአንድ ቁንጣሪ እናቷ እንዲህ ከሆነች፣ እሷ ባሕሩ አጠገብ ነው የምትውለው። አደጋ የለውም በይኛ።»

«አልልዎትም። አደጋ አለው። የለውም ብዬ ብዋሽዎ ኋላ እውነቴንም አያምኑኝም። ነገር ግን አደጋውን እናውቀዋለን። ጥቂት ሲያፈተልክ የሚጮህ ደወል በየቦታው አለ። ሁሉም ሰው የራሱ ጭምብል አለው። አሞኒያ ውሃ ይወዳል፤ ስለዚህ በየሃምሳ እርምጃው የውሃ መታጠቢያ አለ። ሰገነቱ ላይ የምትታየው ቀይና ነጭ ከረጢት የነፋሱን አቅጣጫ ታሳየናለች፤ ወዴት እንደምንሸሽ እናውቃለን። በየወሩ እንለማመዳለን። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠብቀን ግን ሁለት ጊዜ የሚያይ ሰው ነው። ባለፈው ወር ልጅዎ አንድ መጋጠሚያ ላይ በጣም ጥቂት የሚያፈስ ነገር አገኘች። ደወሉ እንኳ አልሰማውም። ሦስት ሰዎች ምንም የለም አሏት። እሷ ግን እርጥብ የመፈተኛ ወረቀት ይዛ ተመልሳ ሄደች፤ ወረቀቱ ቀለሙን ቀየረ። መጋጠሚያው በጊዜ ጠብቆ ታሰረ። እንደዚህ ያለ ሰው ከዚያ ግቢ ሲወጣ የቀረነው ሁላችን ነን የምንጎዳው።»

አባ አመዱ ይህንን ሲሰሙ ዓይናቸው እርጥብ ሆነ፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም። «አልነገረችኝም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ልትነግረኝ ብትሞክርም አልሰማትም ነበር። ይህንን የአመዱን ነገር እኮ በስልክ ነግራኝ ነበር። ማዳበሪያውን ስገዛ፣ አባዬ አደራ ከአመድ ጋር እንዳትቀላቅለው አለችኝ። እኔ ምን አልኳት? በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩሽ ልጅ ስለ አመድ ልታስተምሪኝ ነው? አልኳትና ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ። ከእሷ ያልወሰድኩትን ይኸው ከማላውቅሽ ሴት ወሰድኩ።»

ብዙ አባቶች እንዲህ ናቸው። ልጅን ለማስተማር ያላቸውን ሁሉ ይሰጣሉ፤ ተምራ ስትመጣ ግን የምታውቀውን ከእሷ መቀበል ይከብዳቸዋል። አባ አመዱ ቢያንስ በራሳቸው አፍ ተናገሩት።

አምስት ተኩል ሲሆን የግቢው ትንሹ በር ተከፈተ። ልጅቷ ወጣች። የሥራ ልብስ አልለበሰችም፤ በትከሻዋ ሻንጣ አንግታለች። ወደ ሻይ ቤቱ ተሻግራ አባቷን አየች፤ አለቃዋንም አየች፤ በመሐላቸው የተደረደሩትን ሳህኖችም አየች። ምን እንደሆነ አልገባትም። ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች።

«ዝግጁ ነኝ አባዬ» አለች። «ልትወስደኝ እንደመጣህ ጥበቃው ነግሮኛል፤ ልብሱንም ቆቡንም አስረክቤያለሁ። አንተን አስከፍቼ የምሠራው ሥራ ይቅርብኝ።»

ድምፅዋ ጸጥ ያለ ነበር፤ ስታለቅስ መቆየቷ ግን ከዓይኗ ይታይ ነበር። አባ አመዱ ሻንጣዋን ከትከሻዋ አውርደው በአግዳሚው ላይ አኖሩት።

«ፈርመሻል?»

«አልፈረምኩም።»

«ስንት ሰዓት ቀረሽ?»

«ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ግን...»

«ሂጂና ልብሱን መልሰሽ ውሰጂ። ፈርሚ።»

ልጅቷ አባቷን አየች፣ አለቃዋን አየች፤ ቀልድ አይመስልም። «እናቴስ? የእናቴ ሳል?»

«እናትሽን ያሳላት አመዴ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ነግረሽኝ ነበር። አልሰማሁሽም። ይቅር በይኝ ልጄ።»

 ልጅቷ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ አሁን ግን የእፎይታ ለቅሶ ነበር። የሻይ ቤቷ ባለቤት ሳይጠይቋት ሦስት ሻይ ቀዳች። አለቃዋ ሰዓቷን አይታ፣ «ሻዩ ይጠብቅሻል፤ ቢሮው ግን አይጠብቅሽም» አለቻት። ልጅቷ ዓይኗን በእጇ ጠርጋ መንገዱን እየሮጠች ተሻገረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ መናገር ይቻላል። ዝናቡ በሳምንቱ ጣለ። ሃያ አራቱም ቤቶች ንጹሑን ማዳበሪያ በጥቂቱ፣ ከግንዱ አርቀው፣ አፈር አልብሰው ሰጡት፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ማሳው አረንጓዴ ሆነ። የአባ አመዱ ባለቤት ደረታቸውን በሐኪም ታይተው ደህና ነዎት ተባሉ። ማዳበሪያ ከአመድና ከኖራ ተለይቶ፣ ደረቅ ቦታ፣ ከሚተኛበት ቤት ርቆ መቀመጥ ጀመረ። መሬቱ ከሚፈልገው በላይ መጨመር ከንቱ ልፋት መሆኑን፣ ትርፉም ታጥቦ ወንዝ እንደሚያበላሽ ሰው አወቀ። በየሦስት ዓመቱ ማሳውን በባቄላ ማሳረፍም አልቀረም። በዚያ ዓመት ከዚያ ሰፈር እህል ፍለጋ የወጣ ቤት አልነበረም።

ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚያወራው ግን ዝናቡ ከመጣሉ በፊት ስለ ነበረችው እሑድ ነው። ልጅቷ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር መጥታለች። አባ አመዱ ጎረቤቶቻቸውን በሙሉ ግቢያቸው ጠርተው፣ ቆመው፣ ሳያድበሰብሱ ተናገሩ። «ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። ፋብሪካውን ያለ ጥፋቱ ረግሜዋለሁ፤ እናንተም ከእኔ ጋር ረግማችኋል። መርዙን የፈታው የእኔ አመድ ነው።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የተቆጣ አልጠፋም፤ አንዱ ጎልማሳ ማሳዬን ገደልከው ብሎ ተነሣ፣ «ገና አልሞተም፤ ተቀምጠህ ስማ» ሲባል ተቀመጠ። ከወደ ኋላ አንዲት ሴት ደግሞ፣ «እንግዲህ አመዱን ምን እናድርገው፣ አባ አመዱ? ልንደፋው ነው?» ብላ ጠየቀች።

አባ አመዱ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ። አርባ ዓመት ሙሉ የዚህ ጥያቄ መልስ በእሳቸው አፍ ነበር። አፋቸውን መልሰው ዘጉ። «እሷን ጠይቂያት» አሉ፤ ወደ ልጃቸው አመለከቱና ከጎረቤቶቻቸው መሐል ቦታ ፈልገው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ልጅቷ ተነሥታ በአባቷ ቦታ ቆመች።  አመድ እንዳይደፋ፣ አሲድ የበዛበት ኮምጣጣ መሬት እንደሚወደው፣ ከማዳበሪያው ጋር ግን በአንድ ቀን እንዳይገናኝ፣ በሳምንታት እንዲለያዩአቸው መናገር ጀመረች። አባቷም እንደ ሌላው ሰው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ እስክትጨርስ ድረስ አንዴ እንኳ ሳያቋርጧት ሰሙ።